ዕድሜ ከሠላሳ በታች

አብሳሎም ጃንጥላውን ደጁ ላይ ካለ የቡና ቅርንጫፍ ሰቀለና ታብሌቱን ከቦርሳው አወጣ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ መጥቶ ኮምፒውተር ተምሯል፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል።

«አባቦራ፣ ይኼ ታብሌት ይባላል!» አለ ጮክ ብሎ። የአባቦራ ጆሮ ምንም አልሆነም።

«ማሻአላህ፣ ሰፊ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ምሳ ይቀርብበታል።»

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዘንድሮ የውጭ ገዢዎች የቡናውን ማሳ በካርታ ካላየን አንገዛም ብለዋል። ስለዚህ የቡና ገበሬዎቹ ማኅበር ወጣቶች ቀጥሮ የየሰዉን ማሳ ዙሪያውን እየዞሩ እንዲመዘግቡ ልኳል። መዝገቡ የሚዘጋው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ወደ አባቦራ ማሳ ሁለት ልጆች መጥተው ነበር፤ ሁለቱም አቅቷቸው ሄዱ። ዛሬም ካልገባ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ቀዩን ብቻ እየመረጡ የለቀሙት ሰው ቡና ከማንም ግርድፍ ጋር ተደባልቆ ሊሸጥ ነው። አባቦራ በዚህ ከተንገበገቡ ሳምንት ሆኗቸዋል።

«እንዴት አቃታቸው?» አለ አብሳሎም።

«እኔ ምን አውቄ። ወጣቶች ናቸው።»

ቅጥሩም ቢሆን ለወጣት ብቻ ነበር። ማስታወቂያው «ዕድሜ ከሠላሳ በታች» ይላል። አንድ ሽማግሌ ግን ማመልከቻ ይዞ ገብቶ ቢሮው በሳቅ ሊፈርስ ነበር አሉ። አብሳሎም ወሬውን ሲሰማ ሻይ ትን ብሎት ነበር።

«ስልክ አለዎት?»

አባቦራ ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ስልክ አወጡ። «ይቺ ለመደወል ትበቃኛለች።»

አብሳሎም አዘነላቸው። ስም እንዴት እንደሚመዘገብ ሦስት ጊዜ አሳያቸው። ሽማግሌው ሦስቱንም ጊዜ «ገሪዳ፣ ግሩም ነው» እያሉ ጥሩ አድርገው ተደነቁ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ካርታው ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ አልረጋ አለች፤ አንዴ ማሳው ውስጥ፣ አንዴ ጎረቤት ግቢ።

«ምን ሆነች?» አሉ አባቦራ።

«አይገባዎትም አባ፣ የሳተላይት ጉዳይ ነው።»

«ሳተላይት ከሆነማ እኔ ቀፎዬን ልይ» ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

አብሳሎም ቴሌግራም ከፈተ። መዝጋቢዎቹ የሚጠያየቁበት ግሩፕ አላቸው። እዚያ ውስጥ ስሙን «ጠይቁኝ» ያለ አንድ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የማይመልሰው ግን የለም። አብሳሎም ውጭ አገር የተማረ ጎረምሳ ነው ብሎ ደምድሟል። ጻፈለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ጥላ ስር አትጀምር። ገላጣ ላይ ወጥተህ ሦስት ደቂቃ ሳትነቃነቅ ቁም።»

ቆመ። ነጥቧ ረጋች። «አቦ ይመችህ!» አለ አብሳሎም ለታብሌቱ።

አባቦራ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ እንዳደረጉ ተመለሱ። ቀፎ በመነጽር ይታያል እንዴ? አለ በሆዱ።

አጥሩ ጋ ሲደርስ ጎረቤታቸው ፈይሳ በእጁ ጠራው። «ስማ ልጅ፣ ከሽማግሌው ላይ ዓይንህን እንዳትነቅል። እሳቸው ዘንድ የወሰን ድንጋይ እግር ያወጣል።»

አብሳሎም ማዕዘኑ ላይ ያለውን ትልቅ ዋንዛ አልፎ ማሳውን ዞሮ ጨረሰ። ታብሌቱ በቀይ ጮኸ፤ መስመሮቹ ተቆራርጠዋል፣ አይመዘገብም። አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የአባቦራ ፊት ጠቆረ። «ያ አላህ! እነዚያ ልጆችም እዚችው ላይ ነው የቆሙት።» ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። «ቀፎዬን ልይ።»

አሁን ማን ስለ ቀፎ ያስባል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ አብሳሎም የካርታውን ፎቶ ለ«ጠይቁኝ» ላከና በዱካ ተከተላቸው። ሽማግሌው ከቀፎው ጀርባ፣ የወሰኑ ድንጋይ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ሁለት እጃቸው ታች ታች ይላል። ያዝኩዎት! ሊል አፉን ሲከፍት ታብሌቱ ድምፅ አሰማ፦

«ዋንዛው ጋ ያስቀመጥከውን ነጥብ ሰርዝ። እዚያ ጋ ወደኋላ ተመልሰሃል።»

ነጥቡን ሰረዘው። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። ላከው። አስራ አንድ ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው «ተመዝግቧል» የሚል መጣ።

«ገባ! አባቦራ፣ ገባ!»

«አልሐምዱሊላህ!» ሽማግሌው ብድግ ብለው አቀፉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አብሳሎም በትከሻቸው በኩል ድንጋዩን አየ። የለበሰው የድንጋይ ሽበት ሳይነካ እንደተቀመጠ ነው። በጥርጣሬው አፈረና ፈይሳን በልቡ ረገመው።

ሲሸኙት በአንድ እጁ አቮካዶ፣ በሌላው ማር አስታቀፉት። ታብሌቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሰኮሩ ከተማ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ገና ሁለት መታጠፊያ እንዳለፉ ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ዕቃውን ጭኑ ላይ አደላደለና ጻፈ፦

«ወንድሜ፣ ዛሬ የአንድ ምስኪን ሽማግሌ ቡና አተረፍክ። እሳቸው እንኳን ይኼ ሊገባቸው፣ ስልክ መያዝም አያውቁም። ቅዳሜ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ና፣ ማኪያቶ በኔ። ለመሆኑ የት ነህ?»

መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፦

«ልጄ፣ ጃንጥላህን ቡናዬ ላይ ረስተሃል።»