ዘጠነኛው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ

በዚያ ዓመት በልጉም ክረምቱም ሳይዘንብ አለፈ። ከብቱ አለቀ፣ ጉድጓዱ ደረቀ፣ ውሃ የሚታደለው ለሹመኛ ቤት ብቻ ሆነ።

ሽታሁን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሁን ሲባል እሺ ያለው ያን ጊዜ ነው። በአገሩ ደንብ ተሿሚው ከእሱ በፊት የነበሩትን የስምንቱን ዐቃብያነ ሕግ ትዝታ፣ ቅኝ ገዥዎቹ ከሾሙት ከመጀመሪያው ፈረንጅ ጀምሮ፣ ወደ ራሱ አእምሮ ይቀበላል። ሚስቱ እማዋይሽ አልከለከለችውም። ፈረንጁ ቅድመ አያቷን አቶ ይርጋን አሰቅሎ የት እንዳስቀበረው ሳይናገር ሞቷል፤ ወገኖቿም አፅሙን ሲፈልጉ ኖረዋል።

ከሹመቱ በኋላ አንድ ቀን ምሳ አቀረበች። ድሮ እሷን ሳያጎርስ አይቀምስም ነበር። አሁን እጁን አጣጥፎ ሹካ ይጠብቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጣቶችህንም ለመንግሥት አስረከብክ?» አለችው።

አልሳቀም። «ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነበሩ?»

ለእማዋይሽ ሚስትህ ነኝ ማለቱ እንደማይረባት ገባት።

«የአቶ ይርጋ ዘር ነኝ። የሰቀላችሁት ሰው። የት ቀበራችሁት?»

ድምፁ የሽታሁን ነበር፤ አነጋገሩ ግን ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ነው። «ከአሮጌው ወህኒ ቤት ጀርባ፣ የኖራው ጉድጓድ ውስጥ። ለቤተሰቡ መንገር ይገባ ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

መቶ ዓመት የቆየው ዕዳ እዚያው ገበታ ላይ ተከፈለ። እማዋይሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

ሽታሁንም ጉዳዩን እንደጨረሰ ባለጉዳይ ሊሸኛት ተነሥቶ፣ የገዛ ቤቷን በር ከፈተላት።