የጋሽ ዋቅቶላ ጨጓራ

"ዶክተር አለች?"

ሃዊ በሩን ስትከፍት ጎረቤታቸው ጋሽ ዋቅቶላ በአንድ እጃቸው ሆዳቸውን ይዘው ቆመዋል...

ዶክተር የሚሏት እሷን ነው። ዶክተር ግን አይደለችም። እንዲያውም የዚያን ቀን ጠዋት ነገሩን እርግፍ አድርጋ ልትተወው ወስናለች።

ሃዊ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አዲሱ ገበያ አንድ ባንክ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ደህና ደሞዝ፣ ደህና ወንበር... ከዚያ አንድ ቀን ተነስታ "እኔ መሆን የምፈልገው ሐኪም ነው" ብላ ለቀቀች።

ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተከፈተ የቅድመ ሕክምና መሰናዶ ገባች። አንድ ዓመት ይማራሉ። የመጨረሻውን ፈተና ያለፈ ሕክምና ይገባል፣ የወደቀ ወደ ቤቱ።

እናቷ ሁለት ሳምንት አኮረፈቻት። አፏን ስትፈታም ያለቻት አንድ ነገር ነው...

"ሰው ከደብተር ወደ ባንክ ይሄዳል እንጂ ከባንክ ወደ ደብተር ይመለሳል?"

ሃዊ ግን ኩሩ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ያልነካችውን ኬሚስትሪ ብቻዋን ስትሸመድድ ከረመች። አብረዋት የሚማሩት ነርሶችና ፋርማሲስቶች "ነይ አብረን እናጥና" ሲሏት "አመሰግናለሁ፣ እችለዋለሁ" ትላለች።

የአጋማሹ ውጤት መጣ... ኬሚስትሪ፣ ከመቶ ሠላሳ አንድ።

የድሮ አለቃዋ ደወለላት። "ቦታሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት ነው" አላት። ሃዊ አልቅሳ ስታበቃ የማቋረጫ ደብዳቤዋን ጻፈች። ሰኞ ልታስገባው...

ጋሽ ዋቅቶላ የመጡት እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ነው። ባለፈው ዓመት ከፍቼ ከተማ መጥተው ልጃቸው ሊድያ ጋ የሚኖሩ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ከሰላምታ በቀር ስለ እሳቸው የምታውቀው ነገር የለም።

"ይግቡ ጋሽ ዋቅቶላ... ምን ሆኑ?"

"ይሄ ጨጓራዬ ነው። የቸገረኝ ግን ሌላ ነው ልጄ። ጨጓራ ውስጥ አሲድ አለ፣ የበላነውን ሥጋ ያቀልጣል ይላሉ። ጨጓራው ራሱ ሥጋ አይደል? እሱን ለምን አያቀልጠውም?"

ሃዊ ከደብተሯ የሸመደደችውን አንድ ገጽ እንግሊዝኛ በቃሏ ወረደችው።

"እኔ ምን ይገባኛል... በአማርኛ ንገሪኝ እስኪ።"

በአማርኛ ሲሆን... ምንም የለም። እሷም እንዳልገባት ያወቀችው ያኔ ነው።

"እ... ማለቴ... አንብቤ ለቅዳሜ ልንገርዎት?"

"ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ሰኞ ደብዳቤውን ይዛ ወጣች። ግን ለሽማግሌ ቀጠሮ ሰጥታለች... እንዴት ብላ ታቋርጥ? "ቅዳሜ ልንገራቸውና ከዚያ አስገባዋለሁ" አለች።

ቅዳሜ መጡ። "ጨጓራ ውስጡን የሚሸፍን ዝልግልግ ቅባት አለው። አሲዱ ሥጋው ጋ እንዳይደርስ እሱ ይከለክለዋል። እርስዎን የሚያቃጥልዎት ቅባቱ ሲሳሳ ነው" አለቻቸው።

"አሃ... ታዲያ ወተት ስጠጣ ለጊዜው ተወት አድርጎኝ ቆይቶ የሚብስብኝ ለምንድን ነው?"

በቃ... ለሚቀጥለው ቅዳሜ።

ከዚያ ደግሞ፣ "ለተቅማጥ የሚሰጡት የጨው ውሃ ውስጥ ስኳሩ ምን ይሠራል?" አሏት። ሃዊ የሸጎሌ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ስለ ስኳርና ጨው ስታሰላስል ታክሲው ጥሏት ሄደ።

የወሩ መጨረሻ መቼ እንዳለፈ አላወቀችም። የባንኩ ቦታ በሌላ ሰው ተያዘ። የማቋረጫ ደብዳቤውም ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ፤ ለጋሽ ዋቅቶላ በአማርኛ ለማስረዳት ስትል መሸምደዱን ትታ እየገባት ማጥናት ጀምራለች።

የዓመቱ ፈተና ውጤት ሲለጠፍ... ኬሚስትሪ ሰማንያ ሁለት። ሕክምና ገባች።

ለጨጓራ ይስማማል ብላ አንድ ኪሎ ሙዝ ገዝታ ሳትደውል ጋሽ ዋቅቶላ ቤት ሄደች።

ሰውየው ጠረጴዛ ላይ ተሰይመው... ቁርጡን ሚጥሚጣ ውስጥ እያገላበጡ፣ በስንግ ቃሪያ እያወራረዱ ነው።

"ጋሽ ዋቅቶላ... ጨጓራዎስ?"

ልጃቸው ሊድያ ሳቀች። "የማን ጨጓራ? አባዬ ጠጠር ቢበላ የሚፈጭ ሰው ነው።"

ሽማግሌው የጎረሱትን ዋጥ አደረጉ። እጃቸውን ጠረጉ። ሌላ መውጫ አልነበራቸውም።

"ልጄ... ፍቼ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ።"

ሃዊ ሙዙን እንደያዘች ቁጭ አለች።

"እናትሽ ናት" አሏት። "የእድራችን ጸሐፊ አይደለች? ስመዘገብ ሥራዬን ጽፋ ነበር። ውጤትሽን የሰማች ቀን እዚህ ድረስ መጣች። 'ልጄ ልትወድቅብኝ ነው። ላስተምርሽ ቢሏት ኩራቷ አይፈቅድላትም። ሽማግሌ ሲጠይቃት ግን እምቢ ማለት አትችልም፣ ይሉኝታ አለባት። ስለዚህ አያስተምሯት... ይጠይቋት' አለችኝ።"

ወደ ቁርጣቸው እየተመለሱ "ጨጓራው ግን የራሴ ፈጠራ ነው" ብለው ጨመሩ።

ቤቷ ስትደርስ እናቷ ምስር ትለቅማለች።

"እማዬ... ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ በሩን ትከፍቺላቸው ነበር?"

ሃዊ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"አንቺ እኮ ባንክ እንድመለስ ነበር የምትፈልጊው..."

"አሁንም እፈልጋለሁ" አለች እናቷ ቀና ሳትል። "ከፈለግሽ ትመለሻለሽ። ወድቀሽ ግን አትመለሺም።"

ሃዊ ምስሩን ገፋ አድርጋ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች...

ወዳጆቼ፣ እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው... የሚወደን ሰው ሁሉ በሐሳባችን አይስማማም። ሳይስማማም ግን እንዳንወድቅ ጠባያችንን አጥንቶ፣ ክብራችንን ሳይነካ ከጀርባ ይደግፈናል። እርዳታ የጠየቀን የመሰለን ሰውም እየረዳን ሊሆን ይችላል።

እስኪ እናንተም ንገሩኝ... በምርጫችሁ ሳይስማማ፣ እናንተ ሳታውቁ የደገፋችሁ ሰው ማን ነው? ያወቃችሁትስ መቼ ነው?