የወይንሸት ቱቦ

አየር ለአንድ ሰው አንድ ቱቦ እየተባለ መታደል ከጀመረ ወዲህ ሞተር የሚያስነሳ የለም። ጡረተኛው ሹፌር አሰግደው ግን አራት ዓመት ሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ቱርቦ መኪናውን ሲፈታ ሲገጥም ኖሮ ዛሬ ጨረሰ።

ሚስቱ ወይንሸት ቱቦዋን ከአፍንጫዋ ነቅላ አቀበለችው።

«በል ድምጿን ልስማው። አንድ ደቂቃ ብቻ ታዲያ።»

ቱቦውን ሞተሩ ላይ ሰክቶ አስነሳት። ቱርቦው ሲያፏጭ የአሰግደው ዓይን እንባ አቀረረ። አጠገቡ የተቀመጠችው ወይንሸት ትከሻውን ያዝ አደረገችው።

«ትንሽ ታገሺኝ፤ ቱርቦ እንደጋለ ከጠፋ ይቃጠላል» አላት፣ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው ሳይነቅል። ሠላሳ ዓመት የነዳው እንዲህ ነበር።

መርፌው ሲወርድለት አጠፋት።

«ሰማሽ አይደል?»

እጇ አሁንም ትከሻው ላይ ነው፤ ከቅድሙ ግን ከብዷል።