ሠላሳ አራት ቁጥር

ቴክኒሻኑ የኦንላይን ጫማ ሱቋን ከደንበኞች መዝገብ ጋር ሲያገናኘው፣ ተበታትኖ የኖረው ትእዛዝ በየደንበኛው ተሰበሰበ። አንዱ ደንበኛ በየዓመቱ አንድ የልጅ ጫማ ያዝዛል። ከሃያ ቁጥር ተነስቶ ዘንድሮ ሠላሳ አራት ደርሷል። አድራሻው የራሷ ቤት ነው።

እሷና ባሏ ልጅ የላቸውም። ደሟ ፈልቶ፣ ለሥራ ክፍለ ሀገር ከሄደ ሦስት ቀን ለሆነው ሹፌር ባሏ ደወለች።

"ከማን የወለድከውን ነው በእኔ ሱቅ የምታጫማው?"

"ጤነኛ ነሽ ግን? የምን ልጅ?"

"ቆይ ብቻ።"

ስልኩን ሳትዘጋ ቤት ገብታ ጓዳውንም ቁም ሣጥኑንም በረበረች። ጧት ጠርጋው በወጣችው አልጋ ስር ጫማዎቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ ተደርድረዋል፤ የሁሉም ሶል አልቋል።

"ምን አገኘሽ?" አላት ባሏ።

ሠላሳ አራት ቁጥሩን አንስታ እጇን ሰደደችበት። ውስጡ ገና ይሞቃል።