ታናሲዬ ያንቋሸሸው ማጣቀሻ

ሚሎይኮና ታናሲዬ የጋራ ማተሚያ ቤታቸውን ከተካፈሉ ወዲህ በቫልየቮ ከተማ ገበያ ሲተላለፉ እንኳ ላለመተያየት ግድግዳ ያያሉ። ታናሲዬ ኮምፒውተሩን ወስዶ ድረ ገጽ ሠሪ ሆነ። ሚሎይኮ ማተሚያውንና ቂሙን ይዞ ቀረ።

በዚያ መከር የፕለም ማርማላታ ፋብሪካ ያላት ዴሳንካ ወደ ሚሎይኮ መጣች። የጠርሙሶቿን ወረቀት የሚያትምላት እሱ ነው፤ ሌላ የረባ ደንበኛም የለውም።

«እስከ ገና ድረ ገጽ ሥራልኝ። አለዚያ ሁለቱንም ሥራ ለቤልግሬዶች እሰጣለሁ።»

«እኔ? ድረ ገጽ?»

«ተማራ!»

ሚሎይኮ መማሪያ ቢፈልግ ኢንተርኔቱ አስተማሪ በአስተማሪ ሆኖ ጠበቀው። አንዱ የገነባውን ሌላው ያፈርሳል። የትኛው እንደሚታመን የሚያውቅ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ዓይኑን ማየት አይፈልግም።

ያም ሆኖ የቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ የታናሲዬ ቤት ዝክር ደረሰ። ለዝክር ሰው ሳይጠራ ይመጣል፣ የመጣም አይባረርም። ሚሎይኮ ጥርሱን ነክሶ ሄደ።

ታናሲዬ ንፍሮውን በማንኪያ ሰጠው። በበዓል ቀን ሥራ ባይኖርም ኮምፒውተሩ በርቶ ነበር፤ ስክሪኑን ወደ እንግዳው ገፋ አድርጎ ለሳህኑ ቦታ አበጀ።

«ምን እግር ጣለህ?»

«ድረ ገጽ ማስዋብ ልማር ነው። ምን ላንብብ?»

ታናሲዬ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ? ዕድሜህን ከቀለም ባልዲ ጋር ስትታገል ኖረህ? በል ‹ፈጣን እጅ› የሚባለውን ገጽ ክፈት። ኮዱን ትገለብጣለህ፣ ትለጥፋለህ፣ አለቀ።»

ስክሪኑ ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ መቼ እንደታረመ የተጻፈበት፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከነምሳሌው የተብራራበት ደረቅ ማጣቀሻ።

«ይሄስ?»

«እሱን እንዳትነካ! ላንተ ጭንቅላት አይሆንም።»

የሚሎይኮ ደም ፈላ። ውሸታም! ጥሩውን ለራሱ ደብቆ ገለባውን ሊያጎርሰኝ ነው አለ በልቡ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀኝ ሲሉት ግራ የሚሄድ ሰው ነው፤ ቤቱ እንደገባ ደረቁን ማጣቀሻ ከፈተ።

በእልህ አነበበ። ሳጥኖቹን ማሰለፍ፣ ፊደሉን ማመጣጠን፣ ቀለሙን ማስማማት አንድ በአንድ ገባው። ‹ፈጣን እጅን›ም ለማመሳከር ሞከረው፤ ከዚያ ገልብጦ የለጠፈው ገጽ በስልክ ሲከፈት ተንጋደደ። ይሄው፣ የጠረጠርኩት አልቀረም አለ።

ገና ሲቃረብ ዴሳንካ ገጹን በስልኳ ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው። ወደደችው፤ ሥራውም የእሱ ሆነ።

«ያ እባብ እኮ ሊያጠፋኝ ነበር፣ እትዬ ዴሳንካ! አታንብብ ያለኝን ባላነብ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

ዴሳንካ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «መጀመሪያ የሄድኩት እሱ ዘንድ ነበር። ‹ሥራውን ለሚሎይኮ ስጪው፤ የትኛውን አታንብብ እንደምለው እኔ አውቃለሁ› አለኝ።»