የሀሰና ቅባት ላይቭ የወጣ ዕለት

ሀሰና ከዐስር ሶላት በኋላ ቅባቷን በላይቭ ልትሸጥ ነው። የፀጉር ቅባት ነው። ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ባለችው ክፍሏ፣ ከቅቤና ከጥቁር አዝሙድ፣ ራሷ የሠራችው። ጠርሙሱ አልጋውን ስለሞላው እሷና ወንድሟ ኻሊድ ወለል ላይ ነው ያደሩት።

ሳፋ ሰፈር ያለችው አሠሪዋ ማዳም ጠዋት ደውላለች።

«ነገ ትመጫለሽ ወይስ ሌላ ሠራተኛ ላምጣ?»

«ማታ እነግርሻለሁ ማዳም።»

ቅባቱ ዛሬ ከተሸጠ አትመለስም። ካልተሸጠ ነገ የማዳምን ደረጃ ታጥባለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ላይቭ ለመክፈት ብዙ ተከታይ ያስፈልጋል። ሀሰና የላትም። ሼህ ፈድሉ አላቸው። ሼህ ፈድሉ መካ፣ ዑተይቢያ የሚኖሩ የወሎ ሽማግሌ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ በስልካቸው ላይቭ ዱዓ ያደርጋሉ። ሲጨርሱ ፊታቸውን ይጠርጋሉ፣ ሰዉም ይበተናል። ላይቩ በእሳቸው ገጽ እንዲከፈት፣ መጀመሪያም እሳቸው ዱዓ እንዲያደርጉ ተስማሙ። ያለ ዱዓ የተጀመረ ነገር መቼ ያምራል።

የቴክኒኩ ኃላፊ ኻሊድ ሆነ። ሥራው ኤሲ መጠገን ነው። ከቤቱ ሰው ሽቦ የማይፈራ እሱ ብቻ ነበር።

ሼህ ፈድሉ ከመካ ከፈቱ። ሀሰና ከጅዳ ገባች። ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ ወገን የሼሁ ነጭ ጢም፣ በሌላው የሀሰና ጠርሙስ። ሼሁ ለቅባቱ፣ ለቀቢው፣ ለተቀቢው፣ ለመላጣውም ሳይቀር ለመኑ። ሰዉ «አሚን» አለ። ሀሰና ጠርሙሷን አነሳች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ውድ…»

ስክሪኑ ጠቆረ።

«ኔት ነው» አለ ኻሊድ። ራውተሩን ነቅሎ መልሶ ሰካው።

ወደ መካ ደወሉ።

«እኔ ጋ አማን ነው፣ ልጄ» አሉ ሼህ ፈድሉ። «ልድገመው?»

«ይድገሙት፣ ሼህዬ። ያለ ዱዓማ አንጀምርም።»

ደገሙት። «አሚን» ተባለ። ሀሰና «አሰላሙ ዐለይ…» ስትል ጠቆረ።

ኻሊድ ኤሲውን አጠፋ። ኤሲ ኔት ይስባል ብሎ ነው። ክፍሉ ጋለ፣ ቅባቱ መቅለጥ ጀመረ። ጠርሙሶቹን በባልዲ ተሸክመው ጣራ ላይ ወጡ። ጣራ ላይም ዱዓው ያለ እንከን አለፈ፣ ሰላምታው ላይ ተቆረጠ።

ተመልካቹ ግን በየዱዓው ይጨምራል። አንዱ «ሼህዬ፣ ለእናቴ ጉልበት» ይላል። ሌላው «ለኢቃማዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ» ይላል። ስለ ቅባት የጠየቀ የለም።

ከሚጽፉት አንዷ በድሪያ ናት። በድሪያ ዑተይቢያ ውስጥ የፀጉር ቅባት ሱቅ አላት። ከሀሰና ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። «ያምራል» ብላ ጻፈች። ወዲያው ጠቆረ።

«አየህ?» አለች ሀሰና። «ማሻአላህ አላለችም! ዓይኗ ነው የቆረጠን።»

በሚቀጥለው በድሪያ «ማሻአላህ» ብላ ጻፈች። ያም ጠቆረ።

«አሁንስ አለች፣ ያ ኡኽቲ» አለ ኻሊድ እህቱን።

«ዘግይታ ነዋ!»

ሀሰና ስልክ መታችላት።

«በድሪያ፣ አላህን ፍሪ! ገበያዬን ለምን ትቆርጫለሽ?»

«እኔ? ወላሂ ሻምፖ እያራገፍኩ ነው። ቅባትሽ ዋይፋዩን አንሸራትቶት እንዳይሆን።»

«ዝጊ ስልኩን!»

«የደወልሽው አንቺ!»

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ወረደች። ማዳም የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከች። ሀሰና ምልክቱን አይታ ባልዲው አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ እያለቀሰች ወደ መካ ደወለች።

«ሼህዬ፣ ቆራጭ አለብኝ። አሁን ቅባቱ ይቅር፣ ለቆራጩ ያድርጉልኝ።»

«በሰው ላይ ዱዓ አላደርግም፣ ልጄ።»

«ሰውየው ይቅር። ጣቱን ብቻ!»



«ጣት ይሁን» አሉ ሼሁ።

ላይቩ ተከፈተ። ሼህ ፈድሉ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ያ ረብ! የዚችን ልጅ ገበያ የሚዘጋውን ጣት፣ የማንም ይሁን የማን፣ ባለበት አቁምልን!»

«አሚን!» አለ ጅዳ። «አሚን!» አለ ቤሩት። ከማዶ ጣራ ላይ ልብስ ያሰጣች ሴት እንኳ የምን እንደሆነ ሳታውቅ «አሚን!» አለች።

ሀሰና ዓይኗን ጨፍና ጠርሙሷን አነሳች።

«አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ…»

ዓይኗን ገለጠች። አልጠቆረም።

በሼሁ ወገን አንድ ትልቅ ጣት ስክሪኑን ሞልቶ ይታያል። «ያ ቀላል የካሜራ ችግር ነው፣ የላ፣ ቀጥዪ!» አለ ኻሊድ። ሀሰና ቀጠለች። የወንድሟን ራስ በቅባት አሽታ አሳየች። ትዕዛዙ ጎረፈ። ከሪያድ፣ ከጣኢፍ፣ ከደማም። ዱዓውን የሰማ ሁሉ ቅባቱን ፈለገ። የመግሪብ አዛን ሳይወጣ፣ በእጇ ከያዘችው በቀር አንድም ጠርሙስ አልቀረም። እሱንም ጠየቋት።

በድሪያም «ለሱቄ የሚሆን ላኪልኝ፣ ኩርፊያው ይብቃን» ብላ ጻፈች።

«ተይዛ ነዋ!» አለች ሀሰና። «አላህ ጣቷን ያዘላት!»

«በምኗ ጻፈችው ታዲያ?» አለ ኻሊድ።

ሀሰና አልሰማችውም። ለማዳም እየደወለች ነበር።

«ማዳም፣ ሌላ ሠራተኛ አምጪ። ኸላስ።»

ያን ጊዜ፣ ገና ካልተዘጋው ላይቭ፣ ከጣቱ ጀርባ፣ የሼሁ ባለቤት የፋጡማ ድምፅ ተሰማ።

«ጀመዓው፣ ለሼሁ ዱዓ አድርጉላቸው፤ እንደ ልማዳቸው ‹አሚን› ብለው ስልኩን ሊዘጉ የዘረጉት ጣት አልታጠፍ አላቸው።»