በወንበር ሆድ የተሰፋ ግጥም

«ለማን ይላክልዎ አባባ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለአቶ ማንም ልበለው?»... ጸሐፊዋ ሳቀች።

ሶፋ ሠሪው ሽማግሌ ግን አልሳቁም።

ፊደል አልቆጠሩም... በየሳምንቱ ወደዚህች የጽሕፈት ሱቅ ይመጣሉ፣ ሁለት መስመር ግጥም ያስጽፋሉ፣ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱና ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ያስጻፉት ይህን ነበር...

«የሰው ወንበር ስሰፋ ዘመኔን ገፋሁ፣
የልጄን ልብ ቀድጄ መልሼ መች ሰፋሁ።»

ከአምስት ዓመት በፊት ባለቤታቸው ሲሞቱ አንድያ ልጃቸው የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው።

በለቀስተኛው ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም!» አሏት።

ወጣች... በዚያው ቀረች።

መርዶውን አዘግይተው የላኩት ግን ራሳቸው ነበሩ። ይህን ከጸሐፊዋ በቀር ለሰው አልተነፈሱም።

ወረቀቱንስ? በሚሠሩት ወንበር ውስጥ፣ ከስፖንጁ ሥር ሰፍተው ይቀብሩታል።

«ወንበር ሆደ ሰፊ ነው... ወሬ አያወጣም» ይላሉ።

የሰፉ ቀን ትንሽ ይቀላቸዋል።

አንድ ጠዋት የክሊኒክ ሾፌር አምና የሠሩትን ወንበር ተሸክሞ መጣ።

«ምኑ ተበላሸ?»

«እኔ እንጃ አባባ። ነርሷ ናት የላከችው። ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳይከፍተው፣ ሲያልቅ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ ብላለች።»

ከፈቱት...

የራሳቸው ወረቀት አለ። ከጎኑ ሌላ ወረቀት ተሰፍቷል።

ማንበብ አይችሉም። ስፌቱን ግን አነበቡት።

ሦስት ጊዜ የሚቋጠር ስፌት ነው... ያስተማሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።

መርፌውን ኮሌታቸው ላይ እንደሰኩ ወደ ጸሐፊዋ ሮጡ።

«አንብቢልኝ ልጄ... ቶሎ በይ!»

«አባዬ መርፌህን አትጣላት አደራ፣
ቀዳዳው ይጠባል ስምህን ስጠራ።»

ጸሐፊዋ እንባዋን ጠረገች። «መልስ ልጻፍ አባባ?... ለማን ልበል?»

«ለልጄ።»

ወንበሩ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ከጨረሱት ይኸው ሦስተኛ ቀናቸው... ሱቃቸውን ማልደው ይከፍታሉ፣ ነርሷ ልጃቸው ልትወስደው ትመጣለች ብለው በር በሩን ያያሉ።

ወዳጆቼ... ሕመም መውጫ ካጣ ባለቤቱን ይበላል። ጥፋታችሁን በሁለት መስመርም ቢሆን አውጡት። ማን እንደሚያገኘው አይታወቅም።

እናንተስ... ውስጣችሁ ሰፍታችሁ ያስቀመጣችሁት ቃል ለማን ነው? እስኪ እዚህ ጻፉት።